የተነካ ማይክሮፎን፤ ድምፁ ሲሻሻል ዋጋው ለምን ይወርዳል?

ሁለት አሮጌ ማይክሮፎኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም በርሊን የተሠሩ፣ ሁለቱም የኖይማን ኩባንያ ዩ 47 የሚባሉ፣ ሁለቱም ከስድሳ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያላቸው ናቸው። አንደኛው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ሲከፈትም በመጠኑ ሽው ይላል። ሁለተኛው በባለሙያ እጅ ተከፍቶ፣ ቫልቩ በሌላ ተተክቶ፣ ካፓሲተሮቹ ተለውጠው፣ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ገዢ ለየትኛው አብልጦ ይከፍላል?

ገበያውን የማያውቅ ሰው "ለተሻሻለው" ማለቱ አይቀርም። የአሮጌ ማይክሮፎን ነጋዴዎች ግን ያለማመንታት የመጀመሪያውን ይመርጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም የጥቂት መቶ ዶላር ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ የሚጠቅመው ለድምፅ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። አሮጌ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ "ሞተሩ ያልተከፈተ" የሚለው ቃል ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ ያውቃል። የጥንት ዕቃ፣ የእጅ ሰዓት፣ የብር መስቀል ወይም አሮጌ ካሜራ የሚገዛና የሚሸጥ ሁሉ ከዚህ ገበያ የሚማረው ነገር አለ። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዕቃውን ልንካው ወይስ ልተወው?

ዕቃው ምንድን ነው?

ኮንደንሰር ማይክሮፎን አሠራሩ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ከጠጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ፣ ወርቅ የተቀባ የፕላስቲክ ስስ ሽፋን ከአንድ የብረት ሳህን ፊት ለፊት ይወጠራል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለዓይን የሚከብድ ነው። ሁለቱ ላይ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይሰጣል። ድምፅ ሲመጣ ሽፋኑ ይርገበገባል፣ ክፍተቱ ይጠብባል ይሰፋል፣ በዚያው ልክ የኤሌክትሪክ ምልክት ይፈጠራል። ይህ ክፍል ካፕሱል ይባላል።

ችግሩ ከካፕሱሉ የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። በረጅም ሽቦ ላይ ከተላከ መንገድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ማጉያ እዚያው ማይክሮፎኑ ሆድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በድሮዎቹ ማይክሮፎኖች ማጉያው ቫልቭ ነው፤ በኋላ በመጡት ደግሞ ትራንዚስተር። ከማጉያው ቀጥሎ ትራንስፎርመር አለ። በመካከላቸው ጥቂት ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ይገኛሉ። ከዚህ ሌላ ብዙ የለም።

እንግዲህ ዕቃው በጣት የሚቆጠሩ ክፍሎች ብቻ ስላሉት አንዱ ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል። "እናሻሽለው" የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም ከዚህ ነው። አንድ ካፓሲተር በጥቂት ዶላር ገዝቶ፣ በካውያ አንዱን ነቅሎ ሌላውን በይዶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱን መስማት ይቻላል። ቀላልነቱ ግን ወጥመድም ነው።

አንዲት ቫልቭ የወሰነችው ገበያ

ጌኦርግ ኖይማን በርሊን ውስጥ ኩባንያውን የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ዩ 47 ለገበያ የቀረበው በ1949 ሲሆን፣ ከፊት ለፊት ብቻ የሚመጣውን ድምፅ ወይም ከዙሪያው ያለውን ሁሉ እንዲቀበል በማዞሪያ መምረጥ ማስቻሉ ለጊዜው አዲስ ነገር ነበር። እስከ 1958 ድረስ በውጭ አገር በብዛት የተከፋፈለው በቴሌፉንከን በኩል ስለነበር ብዙዎቹ ደረታቸው ላይ የቴሌፉንከንን ዓርማ ይዘዋል። ፍራንክ ሲናትራ በካፒቶል ስቱዲዮ፣ ቢትልሶችም በለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ በዚህ ማይክሮፎን ዘፍነዋል። የዕቃው ስም የተገነባው በእነዚህ ሸክላዎች ነው።

የዩ 47 ማጉያ ቴሌፉንከን የሚሠራት ቪኤፍ 14 የተባለች የብረት ቫልቭ ናት። ይህች ቫልቭ ስትፈበረክ ለማይክሮፎን ተብላ አልነበረም። ማሞቂያዋ 55 ቮልት እንዲሰጠው የታሰበ ነው፤ ኖይማን ግን ወደ 36 ቮልት ዝቅ አድርጎ ተጠቀመባት። በዚህም ሁለት ነገር አተረፈ። አንደኛ፣ ቫልቯ ከአቅሟ በታች ስለምትሠራ ዕድሜዋ ረዘመ። ሁለተኛ፣ ማሞቂያውም ሆነ ማጉያው ከአንድ የ105 ቮልት ምንጭ ስለሚመገቡ የኃይል ሳጥኑና ኬብሉ ቀላል ሆኑ። ያም ሆኖ ሁሉም ቪኤፍ 14 ለማይክሮፎን አይሆንም። ፋብሪካው አንድ በአንድ እየፈተነ፣ ጸጥተኞቹን እየመረጠ "ኤም" የሚል ምልክት ያትምባቸው ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የቫልቯ ምርት ቆመ። ኖይማን በመጋዘን ባጠራቀመው ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ በ1965 ዩ 47ን ማምረት አቆመ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያለው የቪኤፍ 14 ብዛት በየዓመቱ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አንዷ በተቃጠለች ቁጥር አቅርቦቱ ባንድ ይጎድላል። ዛሬ ጤነኛ፣ የተመረጠች ቪኤፍ 14 ለብቻዋ በሺዎች ዶላር ስትጠየቅባት ይታያል። ደህና ይዞታ ላይ ያለ ሙሉ ዩ 47 ደግሞ በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ይህም ማለት ከማይክሮፎኑ ዋጋ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ያላት አንዲት ቫልቭ ናት።

ቫልቯ ስትሞት ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ኖይማን ራሱ በጊዜው ኑቪስተር የምትባል ትንሽ የብረት ቫልቭ በምትክነት አቅርቦ ነበር። ሌሎች ባለሙያዎች ደግሞ የቪኤፍ 14 የቅርብ ዘመድ የሆነችውን ኢኤፍ 14ን ይተክላሉ። ይህች ግን ማሞቂያዋ 6.3 ቮልት ስለሆነና ብዙ ካሬንት ስለምትጠጣ የኃይል ሳጥኑ አብሮ መለወጥ ይኖርበታል። ሁለቱም መፍትሔዎች ይሠራሉ። ማይክሮፎኑ ይዘፈንበታል፣ ደንበኛም ላያማርር ይችላል። በገበያ ላይ ግን "ዩ 47 ከቪኤፍ 14 ጋር" እና "ዩ 47 ያለ ቪኤፍ 14" ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ያለ ችግር የተለወጠው ነው። ጤነኛ ቫልቭ ነቅሎ "ይበልጥ ጸጥ ይበልልኝ" ብሎ ሌላ የተከለ ባለቤት ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ሆኖበታል። የወጣችውን ቫልቭ ካስቀመጣት ምንም አይደል፤ ከጣላት ግን የማይክሮፎኑን እኩሌታ አብሮ ጥሏል ማለት ይቻላል።

ካፕሱሉስ?

በመጀመሪያዎቹ ዩ 47 ማይክሮፎኖች የነበረው ካፕሱል ኤም 7 ይባላል። ሽፋኑ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራና በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው። ፒቪሲ ደግሞ ያረጃል። በጊዜ ብዛት ልስላሴውን ያጣል፣ ይደርቃል፣ ወርቁም ከላዩ ይሰነጣጠቃል። ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀጠነና ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ኖይማን በ1960 አካባቢ ኬ 47 ወደተባለው፣ ሽፋኑ ከፖሊስተር ወደሆነው ካፕሱል የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው። ፖሊስተር እንደ ፒቪሲ አያረጅም።

እዚህ ላይ "መጠገን" እና "ማሻሻል" የሚሉት ሁለት ቃላት ይለያያሉ። የሞተ ኤም 7 ላይ አዲስ ሽፋን ማስወጠር ጥገና ነው፤ ገበያውም ይቀበለዋል፤ ማን እንደሠራው መጠየቁ ግን አይቀርም። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የቀረው የጌፌል ፋብሪካ፣ ኖይማን በጦርነቱ ዘመን በ1943 ከበርሊን የተዛወረበት ቦታ ሲሆን፣ የኤም 7ን አሠራር ይዞ ቆይቷል። በሌላ በኩል ጤነኛ ኤም 7ን አውጥቶ "ዘመናዊ" ካፕሱል መግጠም ማሻሻል ይባላል። ድምፁ ሊጎላ ይችላል። ማይክሮፎኑ ግን ሰዎች ብለው ብለው የሚፈልጉት ያ ማይክሮፎን መሆኑ ያበቃል።

ማጽዳትም ቢሆን አደጋ አለው። የዘፋኝ ትንፋሽና አቧራ ሽፋኑ ላይ ተከማችቶ ሲታይ ባለቤቱ በጨርቅ መጥረግ ይቃጣዋል። ወርቁ በጣም ስስ ስለሆነ አብሮ ይላጣል። በአንድ ደቂቃ ሥራ ብዙ ሺህ ዶላር ማጥፋት ማለት ይህ ነው።

"ማሻሻል" ሲባል ምን ይደረጋል?

በተግባር በብዛት የሚሠሩት ለውጦች አምስት ያህል ናቸው። በድምፅ ላይ የሚያመጡትንና በዋጋ ላይ የሚያደርሱትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የካፓሲተር ለውጥ ነው። ያረጀ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ያፈሳል፣ የመንጫጫት ድምፅም ያመጣል። የሞተውን በተመሳሳይ መጠን መተካት ጥገና ስለሆነ ዋጋ አይጎዳም። በተለይ በኃይል ሳጥኑ ውስጥ ያሉት በጊዜያቸው ካልተለወጡ ሌላ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። መጠኑን ከፍ አድርጎ መተካት ግን ወፍራሙን ድምፅ ይጨምራል፤ አብሮም የእግር ኮቴና የመንገድ ጉርምርምታ ያስገባል።

ሁለተኛው ማጣሪያን ማውጣት ነው። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው የቀነሱት ቀጭን ወይም ወፍራም ድምፅ አለ። ለምሳሌ በ1960 የወጣው ዩ 67 ካፕሱሉ ቀጭኑን ድምፅ ያጎላል፣ ማጉያው ደግሞ ያንኑ መልሶ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ሚዛን ይሆናል። አንዱን ወገን ብቻ የሚያነሳ ሰው ሚዛኑን ያፈርሳል። ድምፁ "ተከፈተ" ይባላል፤ ዘፋኙ "ስ" ባለ ቁጥር ግን ጆሮ ይወጋል።

ሦስተኛው ትራንስፎርመር መለወጥ ወይም ጨርሶ ማውጣት ነው። የዩ 47 ትራንስፎርመር ቢቪ 8 ይባላል። ከቫልቭና ከካፕሱል ቀጥሎ ገዢ ስሙን ጠርቶ የሚጠይቀው እሱን ነው። ያለ እሱ የሚቀርብ ዩ 47 ወዲያው ቅናሽ ይጠየቅበታል።

አራተኛው ቮልቴጅ መጨመር ነው። ይህ በ1967 በወጣው በትራንዚስተር በሚሠራው ዩ 87 ላይ ይዘወተራል። ኖይማን በ1986 ባወጣው ዩ 87 ኤአይ ላይ ለካፕሱሉ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ራሱ ከፍ ስላደረገ፣ የአሮጌው ባለቤቶች "የእኔም እንደዚያ ይሁንልኝ" ይላሉ። ምልክቱ ይጠነክራል። አሮጌውን ዩ 87 የሚፈልጉ ሰዎች ግን የሚፈልጉት ያንን ለስለስ ያለ ጠባዩን በመሆኑ ለውጡ ከገዢዎቹ ከፊሉን ያርቃል።

አምስተኛው ወንፊቱን መንካት ነው። ካፕሱሉን የሚሸፍነው የሽቦ ወንፊት ድምፅን ጥቂት ያንጸባርቃል። አንዳንዶች የውስጡን ድርብ ወንፊት ቆርጠው ያወጣሉ። የተቆረጠ ወንፊት መልሶ አይቀጠልም፤ ካፕሱሉም ለትንፋሽና ለአቧራ ይጋለጣል።

ከአምስቱ የምናየው መለኪያ ቀላል ነው። ወደነበረበት ሊመለስ የሚችል ለውጥ ዋጋ አይገድልም። የማይመለስ ለውጥ ግን ይገድላል።

ጆሮም ይታለላል

"ከተነካ በኋላ በጣም ተሻሽሏል" የሚለው ምስክርነት በዚህ ገበያ የተለመደ ነው። ምስክርነቱ በአብዛኛው ከልብ የመነጨ ነው፤ እውነት መሆኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሰው ጆሮ ጮክ ያለውን ድምፅ "የተሻለ" ብሎ ይፈርዳል። ሁለት አንድ ዓይነት ድምፆች አንዱ በጥቂቱ ጠንከር ብሎ ቢሰማ፣ ሰሚው ጠንካራው ይበልጥ ሙሉ፣ ይበልጥ ጥርት ያለ ነው ይላል። ከላይ ካየናቸው ለውጦች ውስጥ ብዙዎቹ ምልክቱን ያጠነክራሉ። ስለዚህ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚያወዳድረው ጥራትን ሳይሆን ጉልበትን ነው። በዚያ ላይ ገንዘብ ከፍሏልና መሻሻል መስማት ይፈልጋል። ባለሙያውም ሥራውን ያመሰግናል። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሆነች ማለት ነው።

መፍትሔው ሚዛን ነው። ሁለት ማይክሮፎኖች ሲወዳደሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘፋኝ ፊት፣ በአንድ ጊዜ ተቀርጸው፣ ከዚያም የድምፃቸው ጉልበት በመሣሪያ ተለክቶ እኩል ከተደረገ በኋላ መሰማት አለባቸው። የሚሰማውም ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። በዚህ ዓይነት ፈተና ብዙ "ተአምራት" ይጠፋሉ።

ሌላም ማስታወስ የሚገባ ነገር አለ። ማይክል ጃክሰን በ1982 ባወጣው "ትሪለር" አልበም ላይ ድምፁ በአብዛኛው የተቀረጸው ሹር ኤስኤም 7 በተባለ፣ ኮንደንሰር ባልሆነና በዋጋ ከዩ 47 ጋር በማይነጻጸር ማይክሮፎን ነው። ዋጋ እና ድምፅ የሚተዋወቁ ቢሆኑም መንትዮች አይደሉም። በአሮጌ ማይክሮፎን ገበያ የሚከፈለው ለድምፁ ብቻ ሳይሆን ለእጥረቱ፣ ለታሪኩና ለእርግጠኛነቱ ነው።

ሂሳቡ እንዴት ነው?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

አንድ ሰው ያልተነካ ማይክሮፎን በ10 ሺህ ዶላር ገዛ እንበል። ለማሻሻያ 1 ሺህ ዶላር ከፈለ። ጠቅላላ ወጪው 11 ሺህ ሆነ። በሚሸጥበት ጊዜ ገዢው "ኦሪጂናሉ የት አለ?" ብሎ 7 ሺህ ቢሰጠው፣ ኪሳራው 4 ሺህ ነው። ከዚህ ውስጥ የባለሙያው ዋጋ 1 ሺህ ብቻ ነው፤ ሦስቱን ሺህ ያጠፋው ውሳኔው ራሱ ነው።

አሁን ደግሞ ያው ሰው የወጡትን ክፍሎች በሣጥን አስቀምጦ፣ የተሠራውን በጽሑፍ ይዞ ቢሆን ኖሮስ? አዲሱ ገዢ ለመመለሻ ሥራ ጥቂት መቶ ዶላር ቀንሶ ይገዛዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት የካርቶን ሣጥን ናት።

ስቱዲዮ ያለው ሰው ሂሳብ ግን ከዚህ ይለያል። ማይክሮፎኑ በየቀኑ ገቢ የሚያስገባለት ከሆነ፣ ሽው የሚል ዕቃ ደንበኛ ያሸሽበታል። ለእሱ መለወጡ ሊያዋጣ ይችላል፤ ምክንያቱም ትርፉ ከሽያጭ ሳይሆን ከሥራ ይመጣል። ስለዚህ ማንም ሰው ካውያ ከማስነሳቱ በፊት "እኔ ነጋዴ ነኝ ወይስ ተጠቃሚ?" ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። ሁለቱንም ነኝ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በሁለቱም ይከስራል።

ማሻሻል የሚያዋጣበት ቦታ

እስካሁን የተባለው ለውድ ዕቃ ነው። በርካሹ በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ሩሲያ ውስጥ በቱላ ከተማ የሚገኘው ኦክታቫ ፋብሪካ ማይክሮፎኖች ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ በ1990ዎቹ ወደ ምዕራቡ ገበያ ሲገቡ ዋጋቸው እጅግ ርካሽ ነበር። ካፕሱላቸው ደህና፣ ግንባታቸው ግን ሸካራ ነው። የኤምኬ 219 ሞዴል ወንፊትና ቀፎ እንደ ጣሳ ያስተጋባል። ወንፊቱን በማሳሳት፣ ቀፎውን በማፈን፣ ጥቂት ካፓሲተሮችን በመለወጥ ብቻ ዕቃው ከዋጋው በላይ የሚሰማበት ደረጃ ላይ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የቻይና ማይክሮፎኖችም እንደዚሁ ናቸው። ብዙዎቹ የኖይማንን የኬ 67 ካፕሱል ቅጂ ይዘዋል። ከላይ እንዳልነው ያ ካፕሱል ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጎላ ማጉያው መልሶ መቀነስ ነበረበት፤ ቅጂዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ ካፕሱሉን ወስደው ማጉያውን ትተውታል። ውጤቱ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ማጉያውን ማስተካከል ወይም ካፕሱሉን በሌላ ዓይነት መተካት የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

የዚህ ንግድ ሂሳብ ቀላል ነው። መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር በሚያወጣ ዕቃ ላይ የሚጠፋ "ኦሪጂናልነት" የለም። ቢበላሽም ሌላ ይገዛል። በአሜሪካና በአውሮፓ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ አነስተኛ ሱቆች የተፈጠሩት ለዚህ ነው። ክፍሎቹን ለይተው በመሸጥ፣ ወይም ራሳቸው ሠርተው በመመለስ ያተርፋሉ። በአንጻሩ የተሻሻለ ርካሽ ማይክሮፎን በድጋሚ ሲሸጥ የማሻሻያው ወጪ ሙሉ በሙሉ እንደማይመለስ ማወቅ ያስፈልጋል። ትርፉ ያለው በሚሠራው እጅ ነው፤ ከእሱ ገዝቶ መልሶ የሚሸጠው የሚያገኘው ጥቂት ነው።

ሥጋው ከበሬው ሲበልጥ

በዚህ ገበያ የሚታይ ሌላ ነገር ማይክሮፎንን ገንጥሎ መሸጥ ነው። የቪየናው ኤኬጂ ኩባንያ በ1953 ያወጣው ሲ 12 ማይክሮፎን ሲኬ 12 የተባለ የነሐስ ካፕሱል ነበረው። ያው ዓይነት ካፕሱል በኋላ በወጡት የሲ 414 ኢቢ የመጀመሪያ ምርቶች ውስጥም ይገኛል። ኩባንያው ቆየት ብሎ በናይለን ቀፎ ወደሚሠራ ካፕሱል ተዛወረ። ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች የነሐሱን ሲ 414 ገዝተው ካፕሱሉን አውጥተው ሲ 12 ለሚጠግን ሰው ይሸጣሉ። በቀረው ቀፎ ውስጥ ሌላ ካፕሱል ገጥመው እሱንም ይሸጡታል።

ገዢው መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ ሲታይ "ሲ 414 ኢቢ" የሚለው ጽሑፍ አልተለወጠም። ከወንፊቱ በስተጀርባ ያለው ግን ሌላ ነው። ኤኬጂ የቪየናውን ዋና መሥሪያ ቤቱን በ2017 ስለዘጋ፣ ፋብሪካው ዘንድ ወስዶ "እዩልኝ" ማለትም እንደ ድሮው አይቻልም።

በዓርማም ይታለላል። የቴሌፉንከን ዓርማ ያለው ዩ 47 እና የኖይማን ዓርማ ያለው ዩ 47 የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው። ሰብሳቢዎች ግን አንዱን ከሌላው አስበልጠው ስለሚያዩ ዓርማ መቀያየር ያጓጓል። ዓርማ በቀላሉ ይለጠፋል። ውስጡ ግን ስለማይዋሽ መከፈት አለበት።

የድጋሚ ምርት ጫና

ይህ በእንዲህ እንዳለ አምራቾቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከ1991 ጀምሮ በሴንሃይዘር ባለቤትነት ሥር ያለው ኖይማን ዩ 67ን በ2018፣ ኤም 49ን ደግሞ በ2022 እንደገና አምርቶ አውጥቷል። አዲሱ ዩ 67 ሲወጣ ዋጋው ወደ 7 ሺህ ዶላር ይጠጋ ነበር። ይህ ዋጋ ለአሮጌው ዩ 67 አንድ ዓይነት ጣሪያም ወለልም ሆኗል። አዲስ፣ ዋስትና ያለው ዕቃ በዚህ ዋጋ ሲገኝ የተነካና ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ከዚያ በላይ ማን ይከፍልበታል? በሌላ በኩል ያልተነካ አሮጌ የማይደገም ስለሆነ ከአዲሱ በላይ መጠየቁን አላቆመም።

ዩ 67 ለድጋሚ ምርት የተመቸው ቫልቩ ኢኤፍ 86 ስለሆነና ይህ ቫልቭ ዛሬም በአዲስ ስለሚመረት ነው። የዩ 47 ቪኤፍ 14 ግን ይህ ዕድል የለውም። በቅጂ ሠሪዎች በኩል ከሺህ ዶላር በታች "47" የሚል ስም ያላቸው ማይክሮፎኖች ይገኛሉ፤ ጥሩ ድምፅ ያላቸውም አሉ። የድምፅ ፈላጊውን ጥያቄ ይመልሱ ይሆናል። የሰብሳቢውን ጥያቄ ግን አይመልሱም። በመሆኑም በመካከል ያለው፣ አሮጌም ሆኖ የተነካው ዕቃ፣ ከላይም ከታችም እየተገፋ ይገኛል።

ገዢ ምን ይጠይቅ?

ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ገዢው የሚከተሉትን ቢያደርግ ይጠቀማል።

የማይክሮፎኑ ሆድ ተከፍቶ ፎቶግራፍ ይነሳ። ቫልቩ፣ ካፕሱሉ፣ ትራንስፎርመሩና የብየዳ ቦታዎቹ በግልጽ ይታዩ። የድሮ ብየዳ የደበዘዘ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ካለ እጅ ገብቶበታል ማለት ነው። እጅ መግባቱ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ምን ተደረገ የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

የኃይል ሳጥኑና ኬብሉ አብረው መኖራቸው፣ ሳጥኑም ከማይክሮፎኑ ጋር የሚሄድ መሆኑ ይረጋገጥ። የሌላ ቫልቭ የኃይል ሳጥን አንዲት ውድ ቫልቭ በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል።

ምን እንደተለወጠ፣ በማን፣ መቼ የሚል ወረቀት ይጠየቅ። የወለቁት ክፍሎች አብረው ይምጡ። "ጥለናቸዋል" የሚል መልስ ከመጣ ዋጋው ላይ እንደገና መነጋገር ተገቢ ነው።

ማይክሮፎኑ እስኪሞቅ ተጠብቆ ጸጥታ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀረጽ። ቋሚና ዝቅ ያለ ሽውታ በአሮጌ ቫልቭ የተለመደ ነው። የሚቆራረጥ መንጫጫት ወይም እንደ ፈንድሻ የሚፈነዳ ድምፅ ግን እርጥበት፣ ቆሻሻ ወይም የሚያፈስ ክፍል መኖሩን ያመለክታል። አንዳንዱ በትንሽ ወጪ ይድናል፤ አንዳንዱ አይድንም።

የሚመረምረው ሰው ከሻጩ ጋር የማይነግድ ይሁን። ዕቃው ከአገር ውጭ የሚገዛ ከሆነ ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን እጅ ቆይቶ፣ ምርመራው ካለቀ በኋላ ቢለቀቅ ይመረጣል።

በመጨረሻም ለባለቤቶች አንድ ቃል። ማይክሮፎኑን ራሱ ለመክፈት የሚያስብ ሰው በኃይል ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ከሶኬት ከተነቀሉም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው እንደሚቆዩ ይወቅ። በቫልቭ ማይክሮፎን ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ሰው ይጎዳል።

አሮጌ ማይክሮፎን ሲታመም ይታከም፤ የሞተው ክፍል በመሰሉ ይተካ፤ የተደረገው ሁሉ ይጻፍ። ደህና ሆኖ ሳለ ግን "ይሻሻል" የሚል ምክር ሲመጣ መካሪው ከሥራው ምን እንደሚያገኝ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥናቸው ሁለት ማይክሮፎኖች ውስጥ ሽው የሚለውን የገዛ ሰው ጥርት ያለውን በፈለገው ቀን ሊያሠራ ይችላል። ጥርት ያለውን የገዛው ግን፣ የወጣችው ቫልቭ ከሌለች፣ ወደ ሽውታው መመለሻ መንገድ የለውም። ገበያው የሚከፍለው ለዚያች መንገድ ነው።